ባለ 37 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር፦ ኦቨርሎዱ ሳይቆርጥ ሁለቱ ፌዝ ተቃጠለ

ድንጋይ_ወፍጮ | ሰኞ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለመድረኩ። የዱቄት ወፍጮ ሞተር ነው። ኔምፕሌቱ 37 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ዴልታ፣ 70 አምፔር፣ በደቂቃ 1480 ዙር፣ ክላስ ኤፍ ይላል። የሚነሳው በስታር ዴልታ ነው (በስታር ቀለል ብሎ ይነሳና ወደ ዴልታ ይዞራል)፤ ታይመሩ 8 ሰከንድ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ለወፍጮው ብቻ የቆመ ነው፤ 200 ኬቪኤ፣ ከ15 ኪሎቮልት ወደ 400 ቮልት።

እየፈጨ ሳለ ድምፁ ተለወጠ፣ ሸተተ፣ ጭስ ወጣ። የቆመው በእጅ ነው። ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው ሪሌ) አልቆረጠም፣ የ125 አምፔሩ ብሬከር አልወረደም፣ ፌዝ ሲጎድል እንዲያጠፋ የተገጠመው የፌዝ ሪሌ መብራትም አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። ሞተሩ ሲከፈት የሁለቱ ፌዝ ኮይሎች ከሰል መስለዋል፤ የሦስተኛው ቫርኒሽ ግን መልኩን እንኳ አልለወጠም። የጠመጠመው ባለሙያ "እህል አብዝታችሁበት ነው" ይላል። እህል ከበዛበት ኦቨርሎዱ ለምን ዝም አለ? እንደገና አስጠምጥሜ ከመግጠሜ በፊት ምን ልይ?

---

ቶሎ_ቶሎ | ሰኞ 1፡52

ኦቨርሎዱን ጣለውና ደህና ግዛ። አለቀ።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ | ሰኞ 2፡15

አላለቀም ልጄ። የተቃጠለ ሞተር ሲከፈት ራሱ ይናገራል፤ ኮይሉን ቆርጠህ ከመጣልህ በፊት ፎቶ አንሳው።

እህል በዝቶ ቢሆን ሦስቱም ፌዝ እኩል ነበር የሚጠቁሩት። ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ሆኖ ነው የሚታየው። ማራገቢያው ተሰብሮ ወይም ክንፎቹ በዱቄት ተደፍነው ቢሆንም፣ የስታሩ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ) ተጣብቆ ሞተሩ በስታር እየፈጨ ቢቀርም መልኩ ያው ነው። ከስሎቱ (ኮይሉ ከሚገባበት ቦይ) አፍ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተበስቶ መዳቡ ከቀለጠ ኢንሱሌሽኑ ተፍቆ ወይም እርጥበት ገብቶ ከቦዲው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ሌላው ኮይል ንጹሕ ሆኖ በአንዱ ኮይል የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካየህ ከመብረቅ ወይም ከኢንቨርተር (ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የመጣ የቮልቴጅ ምት ጠርጥር።

በሥርዓት እየተፈራረቀ አንዱ ከስሎ ሌላው ከዳነ ግን አንድ ፌዝ ጎድሎ ነው። የአንተ ይኸኛው ነው። የጠመጠመው ሰው እህሉ ላይ መፍረዱ ተገቢ አይደለም።

---

ተማሪ_ኤሌክትሮ | ሰኞ 2፡31

ጋሼ፣ የተማርነው ስታር ከሆነ ሁለት ፌዝ ይቃጠላል፣ ዴልታ ከሆነ አንድ ፌዝ ይቃጠላል የሚል ነው። የእሱ ዴልታ ነው፣ የተቃጠለው ግን ሁለት ነው። ታዲያ በስታር እየተነሳ ሳለ ነው ፌዝ የጎደለበት?

---

ፓኔል_ሠሪ | ሰኞ 3፡05

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን በስታር አይመስለኝም። ፌዝ ጎድሎ በስታር ቢነሳ ሞተሩ ቆሞ ያጉረመርማል፣ ማንም ይሰማዋል። እሱ ያለው እየፈጨ ሳለ ነው።

የተማራችሁት ሕግ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ነው። የሚሠራው ፌዙ የጎደለው ከትራንስፎርመሩ በታች፣ በ400 ቮልቱ በኩል ሲሆን ነው፤ ፊውዝ ሲቃጠል፣ የኮንታክተር አንድ ነጥብ ሲበላ፣ ተርሚናል ሲላላ። ከላይ፣ በ15 ኪሎቮልቱ በኩል ከጎደለ ይገለበጣል።

በቁጥር እንየው። ይህ ሞተር በሙሉ ጭነት ከእያንዳንዱ መስመር 70 አምፔር ይስባል፤ በዴልታ እያንዳንዱ ኮይል ውስጥ የሚያልፈው 70 ለ1.73 ሲካፈል፣ 40 አምፔር ነው።

ከታች አንድ ፌዝ ቢጎድል ሁለቱ መስመሮች ወደ 121 አምፔር ይወጣሉ፤ ሦስተኛው ዜሮ ይሆናል። ሁለቱ ፌዞች ላይ በቀጥታ ያለው ኮይል የዚያን ሁለት ሦስተኛ፣ 81 አምፔር፣ ይሸከማል። የቀሩት ሁለቱ በተከታታይ ሆነው 40 አካባቢ ይይዛሉ። አንዱ ይከስላል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ።

ከላይ አንድ ፌዝ ቢጎድል፣ ትራንስፎርመሩ እንደተለመደው በላይ ዴልታ፣ በታች ስታር ከሆነ፣ አንዱ መስመር ወደ 140፣ ሁለቱ መስመሮች ወደ 70 ይሆናሉ። ኮይል ውስጥ ስትገባ ሁለቱ 70፣ 70 ይሸከማሉ፣ ሦስተኛው ምንም ማለት ይቻላል አይዝም። ሁለቱ ይከስላሉ፣ አንዱ ቫርኒሹ ሳይነካ ይቀራል። ድንጋይ_ወፍጮ የገለጸው ይህንኑ ነው። ቮልቴጁ ስለሚወርድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ንጽጽሩ ግን ያው ነው።

ድንጋይ_ወፍጮ፣ ሁለት ነገር አይተህ ንገረን። አንደኛ፣ ከኦቨርሎዱ ታች የሚወጡት ሦስት ገመዶች በቀጥታ ወደ ሞተሩ ተርሚናሎች፣ ወደ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1 ነው የሚሄዱት? ወይስ ኦቨርሎዱ የሜይንና የዴልታ ኮንታክተሮች ከመለያየታቸው በላይ ነው? ሁለተኛ፣ መደወያው ስንት ላይ ነው?

---

የመስመር_ሰው | ሰኞ 3፡28

ከላይ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ድሮፕ አውቱ ነው። ምሰሶው ላይ ያሉት ሦስቱ ፊውዞች አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹን ይዞ አይወርድም። የአንዱ ቱቦ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሁለቱ ቆመው ይቀራሉ። ከታች ሆነህ በዓይንህ ታየዋለህ፣ መሣሪያ አይፈልግም።

በሜትር ማረጋገጥ ከፈለግህ ሞተሮቹን ሁሉ አጥፍተህ ለካ። ከኒውትራል ወደ ፌዝ አንዱ 220፣ ሁለቱ 110 አካባቢ ይሆናሉ። በፌዞች መካከል ስትለካ ሁለቱ 330 ገደማ፣ አንዱ ዜሮ አጠገብ ነው። ግቢው ውስጥ "አንዱ አምፖል ደህና ነው፣ ሌሎቹ ደብዝዘዋል" ከተባለ ይኸው ነው። ወዲያው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮችን አጥፋ።

ምሰሶው ላይ ማንም እንዳይወጣ። የ15 ኪሎቮልቱ ሥራ የመብራት አገልግሎቱ ነው፤ ደውላችሁ ጠብቁ። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥሙም አሉ። የእናንተ ትራንስፎርመር በላይ በኩል በሙሉ ጭነት የሚስበው 7.7 አምፔር ብቻ ነው። መዳቡ ብዙ እጥፍ ይሸከማል፤ ውስጥ ኮይሉ ሾርት ሲሆን ፊውዙ መቃጠሉ ይቀርና ዘይቱ ይቃጠላል። ሦስቱም ፊውዞች አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ይሁኑ።

ፊውዙ ያለምክንያት አይቃጠልም። ክረምት ላይ ከሆነ የመብረቅ መከላከያዎቹን እይ፤ አንዱ ተሰንጥቆ ወይም የመሬት ሽቦው ተቆርጦ (ተሰርቆም) ሊሆን ይችላል። የመከላከያው መሬት፣ የትራንስፎርመሩ ቦዲና ኒውትራሉ አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። ከመከላከያው ወደ ቦዲው የሚወርደው ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የተጠቀለለ ትርፍ ሽቦ አትተዉበት። የመሬቱ ሬዚስታንስ 5 ኦምና ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል።

---

ድንጋይ_ወፍጮ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡10

አይቻለሁ። ከኦቨርሎዱ የሚወጡት ገመዶች በቀጥታ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1 ላይ ነው የታሰሩት። መደወያው 70 ላይ ነው፤ "ኔምፕሌቱ 70 ስለሚል" ነው የተባለው። ሪሴቱ ደግሞ አውቶማቲክ ላይ ነው። ድሮፕ አውቱም እንደተባለው ነው፤ የመሐሉ ተንጠልጥሏል። ለአገልግሎቱ አመልክተናል።

---

ፓኔል_ሠሪ | ማክሰኞ 4፡45

እንግዲያው ኦቨርሎዱ አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው የሠራው።

እዚያ ቦታ የተቀመጠ ኦቨርሎድ የሚያየው የኮይሉን 40 አምፔር እንጂ የመስመሩን 70 አይደለም። በ70 ሲሞላ ሞተሩ ከመስመር 121 አምፔር እየሳበ እንኳ "ልክ ነው" ይላል። ፌዝ ከላይ ሲጎድል ሁለቱ ኮይሎች የሚሸከሙት 70 ነው ብለናል፤ ለሪሌው ይህ ልክ መቶ በመቶ ነው። ስታንዳርዱ ደግሞ በ1.05 እጥፍ ለሁለት ሰዓት እንዳይቆርጥ፣ በ1.2 እጥፍ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲቆርጥ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ኮይሉ 1.73 እጥፍ እየነደደ ሪሌው እንቅልፍ ላይ ነበር። ፌዙ ከታች ቢጎድልም ቢሆን 81 አምፔር ለ70 ሲካፈል 1.16 ነው፤ ከ1.2 በታች ስለሆነ ያኔም ላይቆርጥ ይችል ነበር።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦

መደወያውን 40 ላይ አድርገው። አሁን ያለው ሪሌ ክልሉ ከ55 እስከ 70 ከሆነ ወደ 40 አይወርድም፤ ከ30 እስከ 40 ወይም ከ37 እስከ 50 ያለው ግዛ። 40 የክልሉ ጫፍ ላይ ባይወድቅ ይመረጣል።

ሪሴቱን ወደ በእጅ ቀይረው። አውቶማቲክ ሲሆን ቀዝቅዞ ራሱ ሊያስነሳው ይችላል፤ ችግሩ ሳይፈታ ሞተሩ ደጋግሞ ይነሳል፣ ሰውም ቺንጊያው ላይ እጁን እንዳስገባ ሊነሳ ይችላል።

የኦቨርሎዱ 95 እና 96 ቁጥር ነጥቦች ከሜይን ኮንታክተሩ ኮይል ጋር በተከታታይ መታሰራቸውን አረጋግጥ። ሞተሩ ባዶውን ሲሽከረከር የሪሌውን ቴስት ተጫን፤ ሁሉም ኮንታክተር መውደቅ አለበት። 97 እና 98 ላይ ቀይ መብራት እሰር፣ "ኦቨርሎድ ቆረጠ" እና "መብራት ጠፋ" እንዳይምታታ።

ሪሌው ሦስት ዘንግ ያለው ይሁን። በድሮ ቦርዶች ሁለት መስመር ብቻ የሚያዩ አሉ። ከላይ ፌዝ ሲጎድል 140 የሚሆነው መስመር ሪሌ የሌለበት ከሆነ ሌሎቹ ሁለቱ 70 ላይ ቆመው ምንም አይሰማቸውም። ሦስት ዘንግ የመጣው በዚሁ ሰበብ ነው።

---

ቶሎ_ቶሎ | ማክሰኞ 5፡02

እሺ ተሸንፌያለሁ። የፌዝ ሪሌው ግን ለምን አረንጓዴ ሆኖ ቀረ? እሱስ ቮልቴጅ አይደል የሚያየው?

---

ፓኔል_ሠሪ | ማክሰኞ 5፡40

የሚሽከረከር ሞተር የጎደለውን ፌዝ ራሱ ያመነጫል። ርካሹ ሪሌ የሚያየው "ሦስቱም ፌዝ አለ ወይ፣ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው ወይ" ብቻ ነው። ሞተሩ እየዞረ ወደ ጎደለው ፌዝ ከመደበኛው ብዙም የማይርቅ ቮልቴጅ ይመልሳል፤ ሪሌው ተታልሎ አረንጓዴ ያበራል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው እውነቱን የሚያየው፤ ያኔ ኮይሉ አልቋል።

መግዛት ያለብህ የፌዞቹን አለመመጣጠን በመቶኛ የሚለካውን ነው። አለመመጣጠኑን ከ8 እስከ 10 በመቶ፣ መዘግየቱን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ፣ ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ከ380 በ15 በመቶ በታች (323 ቮልት)፣ ከፍተኛውን በ10 በመቶ በላይ አድርግ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደጋግሞ ስለሚዋዥቅ እንደገና ለማስነሳት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቅ።

ትንሽ አለመመጣጠንንም አትናቅ። ሦስቱ ልኬቶች 390፣ 380 እና 370 ቢሆኑ አማካዩ 380 ነው፤ ትልቁ ልዩነት 10፣ ማለትም 2.6 በመቶ። የኮይሉ የሙቀት ጭማሪ በግምት የዚህ ቁጥር ካሬ ሁለት እጥፍ በመቶ ያድጋል፣ 14 በመቶ ገደማ። 5 በመቶ ካለፈ ሞተሩን ባታስነሳው ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የቮልቴጅ ሪሌ የሚያየው እስከታሰረበት ቦታ ድረስ ነው። ከእሱ በታች የኮንታክተሩ አንድ ነጥብ ቢበላ አያውቀውም። በ40 የተሞላው ኦቨርሎድ ግን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የሚያየው ሞተሩ የሚስበውን ነው። ገንዘብ ካለ ኤሌክትሮኒክ ኦቨርሎድ ግዛ፤ ፌዝ ሲጎድል በጥቂት ሰከንድ ይቆርጣል፣ ኮይሉ እስኪሞቅ አይጠብቅም።

---

ተማሪ_ኤሌክትሮ | ማክሰኞ 6፡15

ብሬከሩስ? 140 አምፔር እያለፈ 125ቱ ለምን አልወረደም?

---

የመስመር_ሰው | ማክሰኞ 6፡50

140 ለ125 ሲካፈል 1.12 ነው። ለእሱ ይህ ምንም አይደለም። ብሬከሩ ገመዱን ከሾርት ለማዳን እንጂ ሞተሩን ከሙቀት ለማዳን አልተቀመጠም። "ኤኤም" የተጻፈበት የሞተር ፊውዝም ያው ነው፤ ሾርትን ብቻ ይቆርጣል፣ ኦቨርሎድን አያይም።

ብሬከሩ ላይ የሚታየው ሌላ ቁጥር ነው። የ200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በታች በኩል 289 አምፔር ይሰጣል፤ ኢምፒዳንሱ (ኔምፕሌቱ ላይ የተጻፈው የውስጥ መቋቋሙ) 4 በመቶ ከሆነ ተርሚናሉ ላይ ሾርት ሲፈጠር 7,200 አምፔር ገደማ ይወጣል። ቦርዱ ትራንስፎርመሩ ሥር ከሆነ "6 ኪሎአምፔር" የሚል ትንሽ ብሬከር እዚያ ቦታ የለውም፤ ሊፈነዳ ይችላል። 10 እና ከዚያ በላይ የሚለውን አድርግ።

---

ድንጋይ_ወፍጮ | ማክሰኞ 8፡20

ተባረኩ። አንድ ወዳጃችን "ስታር ዴልታውን ጥለህ ኢንቨርተር ግጠም፣ ሁሉንም ይጠብቅልሃል" ይላል። ወፍጮው አዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ያዋጣል?

---

ድራይቭ_ብቻ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

ኢንቨርተር ፌዝ መጉደልንም ኦቨርሎድንም ያያል፣ እውነት ነው። ግን "ሁሉንም" አይጠብቅም፤ ራሱም ጠባቂ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ግዢ ላይ ነው።

ካታሎጉ ላይ ያለው አምፔር እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይቀንሳል፤ የተለመደው ቅናሽ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ነው። ወፍጮህ 2,400 ሜትር ላይ ነው ብንል 14 በመቶ ይቀነሳል። የ37 ኪሎዋቱ ኢንቨርተር 75 አምፔር ቢል የሚቀርልህ 64.5 ነው፣ ሞተርህ 70 ይላል። የ45 ኪሎዋቱ 90 አምፔር ቢል 77 ይቀርልሃል። እሱን ግዛ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያው 90 ወደ 74 ይወርዳል፤ አሁንም ይበቃል። ሞተሩም ራሱ ለ1,000 ሜትር የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እስከ 70 አምፔር ድረስ አትግፋው።

ሞተሩ ከኢንቨርተሩ ጋር በዴልታ ይታሰራል። ስታር ዴልታው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል እየሠራ የሚከፈት ኮንታክተር አይገባም። ሞተሩ ላይ የፓወር ፋክተር ካፓሲተር ካለ አውጣው፣ አለዚያ ኢንቨርተሩን ያቃጥለዋል። የሞተሩን 70 አምፔር ሴቲንጉ ውስጥ አስገባ፤ ብዙ ሰው ፋብሪካው ያስቀመጠውን ይተወዋል፣ ያኔ መጠበቂያው የሌላ ሞተር ነው።

ገመዱ ከ50 ሜትር ከበለጠ ተጠንቀቅ። የኢንቨርተሩ የዲሲ ቮልቴጅ 540 ገደማ ነው፤ ምቱ ረጅም ገመድ ላይ ሄዶ ሲመለስ ሞተሩ ተርሚናል ላይ ከ1,000 ቮልት ያልፋል። ጋሽ_ጠምጣሚ ያሉት የመጀመሪያ ዙሮች ቀዳዳ ከዚህ ይመጣል። ወይ ገመዱን አሳጥር፣ ወይ ፊልተር ግጠም። ገመዱ ሽልድ ያለው ይሁን፤ ሽልዱም በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን በክላምፕ ይታሰር። በቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞ ከታሰረ ጅረቱ በኩሽኔታው በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ከወራት በኋላ ኩሽኔታው ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸነተረ መልክ ታያለህ።

በሜገር (በኢንሱሌሽን መለኪያ) ከመለካትህ በፊት ገመዱን ከኢንቨርተሩ ንቀል። 500 ቮልቱ ውጤቱ ላይ ያሉትን ትራንዚስተሮች ይገድላቸዋል። ካጠፋኸውም በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቀህ የዲሲውን ተርሚናል በሜትር ለክተህ ነው እጅ የምትነካው።

ዱቄት ያለበት ክፍል ውስጥ አትስቀለው። ዱቄት አየር ላይ ሲበተን በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል፤ የኢንቨርተሩን ሂትሲንክም (የማቀዝቀዣ ክንፎቹን) ይደፍነዋል። ቦርዱ ሌላ ክፍል ይሁን፣ አይፒ54 (ከአቧራና ከውኃ ርጭት የተጠበቀ)። በኮምፕረሰር ማራገፍ ዱቄቱን ይበትነዋል፤ መምጠጥ ይሻላል።

በእኔ ግምት ወፍጮው በአንድ ፍጥነት የሚሠራ ከሆነ ለመጠበቅ ብቻ ብለህ ይህን ሁሉ ገንዘብ አታውጣ። ትክክለኛ ኦቨርሎድና ትክክለኛ የፌዝ ሪሌ ይበቃሃል።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ | ማክሰኞ 2፡05

ስትጠመጥመው ሦስት ፒቲሲ (የኮይሉን ሙቀት የሚያይ ሴንሰር)፣ በየፌዙ አንድ አንድ፣ ኮይሉ መሐል ይቀበሩልህ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ በኋላ ግን አይገቡም። በተከታታይ ይታሰራሉ። ብርዱ ላይ ሦስቱ በአንድነት ከ750 ኦም አይበልጡም፤ ሲግሉ በድንገት ወደ ሺዎች ይዘላሉ፣ የፒቲሲ ሪሌውም ይቆርጣል። በሜገር በፍጹም አትለካቸው። ዱቄት የደፈነው ሞተር ሲግል ኦቨርሎዱ አያውቅም፣ አምፔሩ ልክ ነውና፤ እነዚህ ናቸው የሚያውቁት።

ሞተሩን ስትረከብ እኔ ብሆን እንዲህ አያለሁ። በ500 ቮልት ሜገር ከኮይል ወደ ቦዲ፣ በፌዞችም መካከል፤ ከ5 ሜጋኦም በታች ከሆነ አትቀበል፣ አዲስ የተጠመጠመና በደንብ የደረቀ ከ100 በላይ ነው የሚሰጠው። የሦስቱ ፌዝ ኦም በ3 በመቶ ውስጥ ይመሳሰል። ባዶውን አስነስተህ በክላምፕ ሜትር ለካ፤ ከ20 እስከ 28 አምፔር አካባቢ፣ ሦስቱም ተቀራራቢ። አንዱ ጎልቶ ከወጣ ገመዶቹን አንድ እርምጃ አዙረህ እንደገና ለካ። ልዩነቱ ከገመዱ ጋር ከቆየ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ከሄደ መልስልኝ በለው። ኩሽኔታዎቹንም አብረህ ቀይር፣ ያን ሁሉ ሙቀት አብረው ቀምሰዋል።

---

ድንጋይ_ወፍጮ | ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ፣ ፒቲሲውን አስገብተውልኛል። ድሮፕ አውቱም ተሠርቷል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኦቨርሎዱን 40 ላይ ሳደርገው ሲነሳ አይቆርጥብኝም? ድንጋዩ ከባድ ነው።

---

ፓኔል_ሠሪ | ሐሙስ 4፡00

በስታር ሲነሳ ኮይሉ የሚስበው 140 አምፔር ገደማ ነው፣ የ40 ሦስት እጥፍ ተኩል። ክላስ 10 ሪሌ (ቶሎ የሚቆርጠው ዓይነት) ከቀዝቃዛ ሲነሳ ይህን ከ8 ሰከንድ በላይ ይታገሣል። ከቆረጠ መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ነው፤ ድንጋዩ ተጣብቆ፣ እህል በሆፐሩ ውስጥ ቀርቶ፣ ቺንጊያው ጠብቆ ወይም ቮልቴጁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ማስነሣትህን አረጋግጥ። በርግጥ ለመነሳት ከ10 ሰከንድ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ክላስ 20 ሪሌ (ዘግየት ብሎ የሚቆርጠውን) ግዛ፣ እሱም 40 ላይ ይሞላል።

መደወያውን ካስተካከልክ በኋላ ቀለም ቀባበት፤ አንድ ሰው ካቻቪቴ ይዞ መጥቶ ከፍ ቢያደርገው ይታወቅሃል። ቦርዱ በር ላይም "40፣ የኮይል አምፔር ነው፣ 70 አይደለም" ብለህ ጻፍ። ሙሉ እህል ሲፈጭ ከኦቨርሎዱ በላይ ያለውን ገመድ ሳይሆን ወደ ዩ1 የሚሄደውን በክላምፕ ለክተህ እዚህ ጻፍልን፤ ከ35 በላይ ካየህ እህሉን ትንሽ ቀንስ።

---

ድንጋይ_ወፍጮ | ቅዳሜ ከቀኑ 9፡15

ሙሉ በቆሎ ሲፈጭ ዩ1 33፣ ቪ1 34፣ ደብልዩ1 33። ባዶውን 14 ነው።

---

ጋሽ_ጠምጣሚ | ቅዳሜ 9፡40

ባዶው በኮይል 14 ከሆነ በመስመር 24 ነው። ጥሩ ጠምጥመውታል።